ሃያ ገጽ በአንዲት ክሪስታል ውስጥ

ሰኞ

ገጽ ሰባት አልወጣም። ስምንትም። አስራ አንድ ወጣ፣ ግን ጉም የለበሰ ይመስላል። ዓርብ ፈታኞች ይመጣሉ። የጠሩትን ገጽ ዓይናቸው እያየ ካላወጣሁ ማስተርሴ ለከርሞ ነው። የፈራ ይመለስ!

ሥራው እኮ ግልጽ ነው። የጣቴን ጫፍ በምታክል ክሪስታል ውስጥ ሃያ ገጽ በሌዘር ጽፌያለሁ። ሁሉም ያሉት አንድ ቦታ ነው፤ የሚለያቸው ጨረሯ የገባችበት ማዕዘን ብቻ። ለማንበብ ጨረሯን ወደዚያው ማዕዘን መመለስ ነው። በፀጉር ስፋት ከሳተች ገጹ የለም።

ጥፋተኛው ተሳቢ መኪና ነው። በቃሊቲ የሚያልፈው ሁሉ ጠረጴዛዬን ያንቀጠቅጣል።

ማክሰኞ

ሳሪስ ሄጄ አራት የጎማ ከመነዳሪ ገዛሁ። ነፍቼ በጠረጴዛው እግሮች ሥር አደረግኳቸው። ተሳቢው አለፈ፣ ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም። ድል!

ገጽ ሰባት ግን አሁንም የለም።

ስለዚህ ነስሩን ወነጀልኩ። የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ነው፤ ጨረሯን የምትመራውን መስታወት የሚያዞረው ፕሮግራም የእሱ ሥራ ነው። «አንቺ አትሳሳቺም አይደል?» አለኝ። «አልሳሳትም» አልኩት። ተኮራርፈን ወጣን።

ረቡዕ

የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ቀን ላይ ሲግል ክሪስታሏ በጥቂቱ ታብጣለች፣ ማዕዘኑም ይንሸራተታል። ይህ እንዳይጎዳኝ እያንዳንዱን ገጽ የጻፍኩበትን ሰዓት በደብተሬ ይዣለሁ። ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት የነበረውን የክፍሉን ሙቀት ከመዝገቡ ፈልጎ ጨረሯን ያቃናታል።

ነስሩ ኩርፊያውን ትቶ የሙቀቱን መዝገብ አሳየኝ። ገጽ ሰባት ሲጻፍ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር ይላል። ውሸት! ላብ አጥምቆኝ ጃኬቴን አውልቄ ነበር።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የጻፍሽው?»

«ስምንት ሰዓት።»

«የማን ስምንት?»

ክው አልኩ። የእኔ ስምንት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅን ነው፤ ለእሱ ስምንት ማለዳ ነው። ሰዓቶቹን ከደብተሬ በእጄ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ጠዋት የጻፍኳቸው ሙቀቱ ብዙ ስላልተራራቀ እንደ ምንም ወጡልኝ፤ የቀኖቹ ጠፉ። ነስሩ አልሳቀብኝም፣ እሱ ደግሞ ባሰብኝ።

ሐሙስ

ነስሩን ይቅርታ ጠየቅኩት። «ይቅር ብያለሁ፣ ሳምቡሳው ግን በአንቺ ነው» አለ።

ስድስት ስድስት ሰዓት ጨመርኩ። ሰባት ወጣ። ስምንት ወጣ። አስራ አንድ ጥርት ብሎ! ከሃያው አስራ ዘጠኙ ወጡ። አስራ አራት ብቻ እምቢ አለ፤ ለካ ሰዓቱን መመዝገብ ረስቼ ኖሯል። ከሃያው አንድ ሁለቱን ቢጠሩ ነው፤ ዕድሉ የእኔ ነው።

ዓርብ

ገጽ ሦስት ጠሩ፣ ወጣ። ገጽ አስራ ስምንት፣ ወጣ። ኮራሁ። ከዚያ አንጋፋው ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው «የማይወጣልሽ አለ?» አሉኝ።

የለም ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንድ አለ ጌታዬ፣ አስራ አራት። ሰዓቱን አልጻፍኩትም።»

«እስቲ እሱን አሳዪን።»

መስታወቷን የሚያዞረውን ሞተር አጥፍቼ በእጄ ያዝኳት። የአስራ ሦስትና የአስራ አምስት ሙቀት ይታወቃል፤ የአስራ አራት መሃላቸው መሆን አለበት። የመስታወቷን ብሎን ትንፋሼን ይዤ አዞርኩ። ባዶ። አሁንም ባዶ። ጥቂት መለስ አደረግኩት። ፊደሎቹ ብቅ አሉ።

ለሙከራው ሃያ ገጽ ስፈልግ እጄ ላይ የነበረው የእድራችን ደንብ ነበር። አንጋፋው ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ድንኳን የተዋሰ አባል በሦስት ቀን ውስጥ ይመልስ።» አንድ ጥግ ደብዝዟል፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው መስመር ሄዱ።

ውጤቱ የሚነገረው ሰኞ ነው። እኔ ግን ከአሁኑ አውቄዋለሁ፦ አልፌያለሁ።