በቤት ቁጥር 417 የሚኖሩ

ቦሌ፣ ጥር 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፣ ናዝሬት፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የናዝሬት ሙቀት አሻለው ወይስ ባሰበት? ገረመውስ ሥራ አገኘ? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ ብቻ እበላለሁ፣ ሥራም እገባለሁ። ገርጂን ጥላችሁ ከሄዳችሁ ወዲህ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም። የክሊኒክ መዝጋቢ ወረቀት አያጣም። በምን ፊቴ ልጻፍላት እያልኩ ነው።

አቶ ላጲሶ አረፉ። የክሊኒካችን ጤና ረዳት፣ የጋውናቸው ኪስ ሁልጊዜ የተቀደደው ሰውዬ። ድርቁ ከወሎ ያፈናቀላቸውን ሲያክሙ ተስቦ ያዛቸውና በዘጠኝ ቀን ሄዱ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲወጉ ኖረው፣ ለራሳቸው መርፌ ሲቀርብ መጀመሪያ ለነዚያ ልጆች ይዳረስ አሉ። አልቅሼ አልወጣልኝም።

የክሊኒካችንን ደንብ ታውቂዋለሽ። ነፃ ካርድ የሚሰጠው በቀበሌያችን የቤት ቁጥር ላለው ብቻ ነው። ላስቲክ ወጥሮ የሚያድር ሰው ቁጥር የለውም፤ ከወንዙ ማዶ በገበሬ ማኅበር ያለውም የኛ አይደለም። ቁጥርሽ ስንት ነው ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ የለኝም ሲሉኝ ቀጣይ እላለሁ። አቶ ላጲሶ ታዲያ ካርዱን ከፊቴ ይወስዱና በራሳቸው እጅ 417 ብለው ይጽፋሉ። 417 የሳቸው ቤት ነው፤ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት፣ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ አንድ አልጋና አንድ ሬዲዮ። የየካርዱ ቅጂ ወር በወር ለቀበሌው ይላካል፤ ማን ሊያነበው ብዬ እኔም እልክ ነበር።

አንድ ቀን ልብስ አጣቢዋ ደብሪቱ ልጇ ዳነላትና ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት፤ እኔ ምን ሰጠሁሽ፣ መታከም ሰው በመሆንሽ ያለሽ መብት ነው፣ ለመብት ጉልበት አይሳምም አሏት። ደብሪቱ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። እኔ ደግሞ የማነበው ነገር ያለ ይመስል መዝገቤን ገለበጥኩ።

በሠልስታቸው የእድሩ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የቤቶች ኮሚቴው ጓድ ሽፈራው ፋይል ይዞ ገባ። ቤቱ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሆነ ማን እንደሚኖርበት ሊያጣራ ነው፤ ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል። ለካ እነዚያ ማንም አያነባቸውም ያልኳቸው ቅጂዎች ሁሉ በ417 ፋይል ተሰፍተው ኖረዋል። በአንዲት ክፍል አርባ አንድ ሰው ይኖራል ይላል፣ ሟቹ መንግሥትን ሲያታልሉ ነበር አለና፣ ማንም እንደማይመልስለት አምኖ ስም መጥራት ጀመረ።

ቢተው ሲል፣ እንጨት ፈላጩ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተነሥተው አቤት አሉ። ደብሪቱ ሲል ልጇን እንዳዘለች አቤት አለች። ከወሎ የመጡት ድንኳኑ ደጅ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እነሱም በየስማቸው አቤት ይሉ ጀመር። ጓድ ሽፈራው ድምፁ እያነሰ ሄደ። ያለ ዘመድ ሞቱ ያልናቸው ሰውዬ ድንኳን ሙሉ ቤተሰብ ነበራቸው፣ እትዬ። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ፀሐይነሽ ገረመው፣ ዕድሜ ሦስት ብሎ ጠራ።

ማንም አልመለሰም። ደግሞ ጠራ። በሦስተኛው አቤት ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ጓድ ሽፈራው ፋይሉን አጥፎ ከሰዉ ጋር ተቀመጠ።

ያን ሐሙስ ፀሐይዬን አዝለሽ ከገርጂ ወንዙን ተሻግረሽ ስትመጪ ወረፋው ሁሉ እህቷ ናት እያለ ያየኝ ነበር። ለዘመዷ አደላች እንዳልባል አንቺንም እንደ ሰዉ ቁጥር ጠየቅሁሽ፤ ቀበሌሽ አይደለም፣ ተመለሽ አልኩሽ። ልጅሽን እንዳዘልሽ ተመለስሽ። አቶ ላጲሶ ከሰዓት በኋላ ሰምተው ተቆጡኝ፤ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወዲያው ካርድ ጻፉ፣ ሮጠሽ አድርሽላት፣ ሳይመሽ ይዛት ትምጣ አሉኝ። በማግሥቱ አደረስሽ ወይ ሲሉኝ ይመጣሉ አልኳቸው። የእህቴ ልጅ በሌላ ሰው ቤት ቁጥር ታከመች ቢባል እንጀራዬ ይሄዳል ብዬ ነበር የማስበው። እሳቸው ግን በየቀኑ በመስኮቱ ወደ ወንዙ ያዩ ነበር።

ፀሐይዬ በሚካኤል ዕለት ስትቀበር፣ እናትየዋ ምን ሆና ነው ያላመጣቻት ብለው ጠየቁኝ። ካርዱ እኔ ጋ መቅረቱን አልነገርኳቸውም። አንቺን እንደታዘቡ ሞቱ፣ እትዬ።

ሰኞ ኮሚቴው ይጠይቀኛል። አቶ ላጲሶ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላለሁ። የፈለጉትን ያድርጉኝ።

ካርዱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ቀኑ ኅዳር 6 ይላል፣ ጽሕፈቱ የሳቸው ነው። ንጹሕ መሆኑ አይግረምሽ፤ አንድም ጊዜ ታጥፎ አያውቅም ነበር፣ ዛሬ ፖስታው እንዲበቃው ብዬ ያጠፍኩት እኔ ነኝ።

መድኃኔዓለም ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን በልጅ ይባርክልሽ። መልስ ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም።

ታናሽሽ፣ አሁንም እንደዚያ መባል ከተፈቀደልኝ።