ይድነቃቸው ያለበት ቦታ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ በዚህ ክረምት ሻል አለዎት? የልጅ ልጅዎ ቤዚም እኔም ደህና ነን፤ አንዳንዴ ስትስቅ አባቷን ትመስላለች።

ባለፈው በስልክ «ልጄን የት ቀበራችሁት?» ሲሉኝ ሌላ ወሬ አነሳሁ። በስልክ የሚነገር አይደለምና ይኸው ጻፍኩልዎ።

ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ዕጢ እንደማይድን ሲነግሩት ይድነቃቸው አላለቀሰም። አንድ ቀን መኪና ውስጥ «ስሞት አትቅበሩኝ» አለኝ። ሰው እንደሞተ ወዲያው አቀዝቅዞ የሚያስቀምጥ ድርጅት አለ፤ መድኃኒቱ በተገኘ ዘመን ይቀሰቅሱኝ ይሆናል ብሎ ተመዝግቦ ኖሯል። ያበደ መሰለኝ። «ትንሣኤ የእግዜር ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። «እሱ ካልፈቀደ ማን ሊያስነሳኝ?» አለኝ።

እሱን የሚያስፈራው ሞቱ አልነበረም፤ ዕጢው ቀድሞ አእምሮውን መጨረሱ ነበር። «ባዶ ቤት መቆለፍ ምን ይረባል?» ይል ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ማቀዝቀዝ ደግሞ በሕግ ነፍስ ማጥፋት ነው። ያን ሰሞን ዋሽንግተን ላይ፣ የማይድን በሽተኛ ከሐኪም ባገኘው መድኃኒት ራሱ ሕይወቱን እንዲያበቃ የሚፈቅድ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። እኛ ያለንበት አሌክሳንድሪያ አይፈቀድም፤ ከዋሽንግተን የሚለየን አንድ ወንዝ ብቻ ነው። አእምሮው ሳይጠፋ ብሎ፣ እዚያው ዋሽንግተን ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚኖረው ጓደኛው አበጀ ቤት ገብቶ ነዋሪ ሊሆን ሻንጣውን አዘጋጀ። ለድርጅቱ ሲደውል ግን፣ አሟሟቱ ጥያቄ ካስነሳ አስከሬኑ ለምርመራ ሊያዝ እንደሚችል፣ ያኔ ደግሞ ለማቀዝቀዝ እንደሚረፍድ ነገሩት። እኔም «ስትሞት የድርጅቱን ሰዎች እጠራልሃለሁ፤ ያን መድኃኒት ስትጠጣ ግን አጠገብህ አልቆምም» አልኩት። ሻንጣውን መልሶ ፈታ።

የፈራውም ደረሰ። መጀመሪያ የመንገዱን ስም፣ ቀጥሎ የቤዚን ስም ረሳ። መጨረሻ ላይ እኔን «እማዬ» እያለ ይጠራኝ ነበር። አላረምኩትም፤ «አቤት ልጄ» እለው ነበር።

ያረፈ ዕለት፣ ቤት እየመጣች የምታስታምመው ነርስ ሞቱን እንዳረጋገጠች፣ ሳሎን ሲጠብቁ የነበሩት የድርጅቱ ሰዎች ገብተው በበረዶ ከበቡት፤ ደሙ እንዲዘዋወር ደረቱን በማሽን ይጫኑት ጀመር። እናቴ፣ ጉንጩ ቀላ። ሞተ በተባለው ልጅዎ ፊት ላይ ደም ሲመለስ በዓይኔ አየሁ። አንዷ ሴት «አይዞህ፣ አሁን ቀና እናደርግሃለን» እያለች እንደ በሽተኛ ታናግረዋለች። ተንበረከክሁ። የፈጣሪ ሥራ ይሁን የሰው ድፍረት፣ ዛሬም አላውቅም።

አሁን በስተምዕራብ፣ በረሃ መካከል ባለች ከተማ፣ ከበረዶ እጅግ በሚበርድ ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ነው። መቃብር የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት የንስሐ አባታችን ይህን ስነግራቸው «ፍትሐቱን እናደርሳለን፤ የቀረውን እሱ ያውቃል» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ «ነፍስ ይማር» ይለኛል፤ አሜን እላለሁ። ብቻዬን ስጸልይ ግን ከአፌ የሚወጣው «እግዜር ይማርህ» ነው።

ቢቆጡኝም አይርገሙኝ፣ ይመርቁኝ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ደጅዎን ከክፉ ይጠብቅልን።

የልጅዎ ሚስት