አኩራፊቷ ድመትና የወረቀቱ ጀርባ

ይድረስ በጀርባዋ አዝላ ላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሽ የነበረው ሳልስ ለቀቀሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሱሪዬ ወገቤ ላይ ከመጥበቡ በቀር የደረሰብኝ ጉዳት የለም።

ነገሬን ከትልቁ ልጀምር። ወንድምሽ ሐኪም ሆኗል። እሺ፣ ሐኪም እንኳ አልሆነም፤ አሁንም ፍራሽ ሰፊ ነው። ግን ከሞት አፍ ነፍስ አውጥቻለሁ። ነፍሷ የድመት ብትሆንም ነፍስ ነፍስ ናት።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ጽሑፍ የማን እጅ ነው ብለሽ እንዳትጨነቂ። የኔው ነው። የማታ ትምህርቱን ሰባት ወር ተምሬ ባለፈው ወር ጨረስኩ። ከሠላሳ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጣሁ ልልሽ ነበር፤ ስድስተኛ ነኝ። ከፊቴ ያሉት አምስቱ ግን ያለ መነጽር የሚያዩ ወጣቶች ናቸው፣ እነሱን አልቆጥራቸውም። መምህራችን ስንለያይ «እያንዳንዳችሁ ለአንድ ዘመድ ደብዳቤ ጻፉ፣ የመጨረሻ የቤት ሥራችሁ ነው» ብሎ ስላዘዘን ነው የምጽፍልሽ። ስለዚህ ሌላ ነገር እንዳታስቢ፤ ትእዛዝ ነው።

ድመቷ የመጣችው ዝናብ በጣለበት ቀን ነው። ጠዋት ፍራሽ ቤታችንን ስከፍት በሩ ሥር በተከመረው የስፖንጅ ቁርጥራጭ ላይ ተኝታ አገኘኋት። መልኳ ቡላ ነው። የጎን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ አንድ ዓይኗ በዓይናር ተጣብቋል፣ አፍንጫዋ ተደፍኖ ስትተነፍስ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ትላለች። ወተት ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። አሠሪያችን «እስከ ዓርብ ካልተሻላት በካርቶን አድርጋችሁ ከድልድዩ ማዶ ትጥሏታላችሁ፤ ቁንጫዋን ፍራሽ ውስጥ ሰፍቼ ለደንበኛ ልሽጥ እንዴ?» አለ። ጥጥ የሚያባዝቱልን እማማ ደግሞ «አትንኳት፤ ድመት መድኃኒቷን ራሷ ታውቃለች፣ ሣር በልታ ትድናለች» አሉ። እኔ «እማማ፣ ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ነው፣ ሣሩን ከየት ታምጣው?» ብላቸው «አንተ ጉረኛው ምን ሥራ አለህ፣ ሄደህ አጭደህ አምጣላት» አሉኝ።

ስፖንጅ የሚቆርጠው ጓደኛችን ግን የራስ ምታት ኪኒን ከኪሱ አወጣ። ይህን ሰው ሁላችንም ራዲዮ ነው የምንለው፤ የሰማውን ሁሉ ስለሚያሰማ። «ሰውን ያዳነ ኪኒን ድመትን ምን ያደርጋታል? ግማሹን ፈጭተን በወተት እንስጣት» አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። የጠዋቱ ወተት ቀዝቅዞ ስለነበር ትኩስ ላመጣ ወጣሁ።

አሁን ደግሞ አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ስሚ። ከወተት ሻጯ ሱቅ አጠገብ የላም ሥዕል የተሰቀለበት ቤት አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥጋ ቤት ነው ብዬ ሳልፈው ኖሬያለሁ። ከላሟ ጎን የውሻ ሥዕልም ስላለ «ይሄስ ምን ዓይነት ሥጋ ቤት ነው?» እያልኩ እጠራጠር ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ ደፍሬ ገብቼ አንድ ኪሎ አጥንት የሌለው ጠይቄ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰችው ሴት አፍጥጣ ቀርታለች። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ግን ያላነበብኩት ግድግዳ የለም። ወተቱን ይዤ ቀና ብል «የእንስሳት ክሊኒክ» ይላል። ከሥሩ በቀይ ቀለም ሌላ ጽሑፍ አለ። ቆሜ እንደ ጥራጥሬ አንድ በአንድ ለቀምኩት፤ «የሰው መድኃኒት ለድመትና ለውሻ አይስጡ። ይገድላል።»

እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዴት እንደሮጥኩ ብታዪ! ወተቱ መንገድ ላይ አለቀ። ስደርስ ራዲዮ እኔን አልጠበቀም፤ ኪኒኑን በጠዋቱ ወተት በጥብጦ፣ ድመቷን በጉልበቱ ይዞ፣ ማንኪያውን አፏ ላይ አድርሶታል። በመዳፌ መታሁት። ማንኪያው ጣሪያ ነክቶ ወረደ።

«አበድክ እንዴ?» አለኝ።

«ይገድላታል። ተጽፏል» አልኩት።

«ማን አነበበልህ?»

«እኔ።»

የስፌት መኪናው እንኳ ቆመ። እማማ ጥጡን እንደያዙ ቀሩ። ጉረኛው ወንድምሽ መማሩን ብቻ ለማንም አልነገረም ነበር።

ድመቷን በትራስ ልብስ ጠቅልዬ ክሊኒኩ ወሰድኳት። ሐኪሟ ያችው ነጭ ካፖርት ናት። ገና ከበር ስታየኝ «ሥጋ ዛሬም የለም» አለችኝ። ስቄም አፍሬም የትራስ ልብሱን ፈታሁላት። አየቻትና ከባድ ጉንፋን ነው አለች። ድመት ያላሸተተችውን አትበላም፤ አፍንጫዋ ስለተደፈነ ነው እንጂ ምግቡን ጠልታው አይደለም። ወተቱም ለሆዷ አይበጃትም። በመርፌ ፈሳሽ ሰጠቻትና «ከዚህ በኋላ የሚያድናት ሙቀት፣ ጸጥታና ትዕግሥት ነው። በአምስት ቀን ውስጥ በራሷ ካልበላች ግን ተስፋ የላትም» አለችኝ። እዚያ ልተዋት እንዳልል ውሾቹ ይጮኻሉ። ፍራሽ ቤት እንዳልመልሳት የጥጡ ብናኝ ይጨርሳታል። ያለኝ አንዲት ክፍል ናት። «እኔ ቤት ትሄዳለች» አልኩ። ካርዱን ራሴ ሞላሁት። የድመቷን ስም ስጠየቅ «አኩራፊት» ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

የመድኃኒቱን ማዘዣ ይዤ ስመለስ ራዲዮ እጁን ዘረጋ። «አምጣ ላንብብልህ፣ እንዳታሳስት» አለኝ። «ግዴለም፣ ራሴ አነበዋለሁ» አልኩት። እትዬ፣ ከአፌ እንዲህ የሚጣፍጥ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ደግሜ አልኩት፤ አልሰማሁም ሳይለኝ።

ጠብታው በቀን ሁለት ጊዜ፣ የዓይን ቅባቱ ሦስት ጊዜ። ከቅባቱ በፊት ዓይኗን ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ መጥረግ፤ ጥጥ እንኳ ሞልቶኛል። ፍራሼን ለእሷ ለቅቄ እኔ መሬት ላይ ተኛሁ። እሷ ግን ፍራሹን ንቃ አልጋው ሥር ገባችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሰርዲን እንዲሸታት እያሞቅሁ አቀረብኩ፤ ዞር ብላ አላየችም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። ሥራ ቦታ «ድናለች» እያልኩ እጎርር ነበር፤ ቤት ስገባ ግን መጀመሪያ የማየው ጎኗ ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው።

በአምስተኛው ቀን ከሥራ ቀረሁ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ እኔም ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ሰርዲኑን በጣቴ ይዤ ደብተሬን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ድምፅ ቢያለምዳት ብዬ ነው። ደብተሩ አለቀ። የጠብታዋን ካርቶንም አነበብኩላት። ከዚያ የቆርቆሮ ሣጥኔን ከፈትኩና የዛሬ አራት ዓመት የጻፍሽልኝን ደብዳቤ አወጣሁ።

ያን ደብዳቤ ለራዲዮ ሰጥቼ በሰው ፊት ያስነበብኩት እኔ ነኝ። ባልሽ ጥሎሽ መሄዱን ሁሉም ሰሙ፤ የራዲዮ አክስት ያንቺ ጎረቤት መሆኗን እንኳ አላሰብኩም። መልስ ሳላስጽፍልሽ ወሬው ደጅሽ መድረሱን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ስላፈርኩ ሌላ ሰው ይዤ መልስ ላስጽፍ አልደፈርኩም። አንቺም ከዚያ ወዲህ አልጻፍሽም። ተቀይመሽኛል፤ የገባኝ ይህን ያህል ነበር።

ፊቱን አነበብኩት፤ ራዲዮ እንዳነበበው ነው። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ቀለም እንዳለ ሁልጊዜም አይ ነበር፣ ግን የፊቱ ቀለም ወደ ኋላ ያለፈ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን አሠሪያችን ስለተጣራ ራዲዮ ሳይገለብጠው አጥፎ ነው የመለሰልኝ። ሁለት መስመር ናት። እዚህ አልደግማትም፤ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ጮክ ብዬም አላነበብኳትም፣ ድመቷም አልሰማችም።

ድምፄ ሲጠፋባት መሰለኝ ከአልጋው ሥር ወጣች። መጥታ ጣቴን ላሰች። ከዚያ ሰርዲኑን በላች፣ ከዚያ ሌላውንም። ዓይኔን የጠረግሁት በእሷው ጥጥ ነው።

አሁን ደህና ናት። ፍራሽ ቤታችን ውስጥ አይጥ የሚባል ነገር ስለጠፋ አሠሪያችን «የኔ ድመት» ይላታል። ራዲዮም «ኪኒኑን እኮ ለቀልድ ነው» እያለ ያወራል። እማማ ብቻ ሐቁን ያውቃሉ፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ያዳናት ይሄ ነው፣ አንብቦ» ይላሉ። እኔም ሥራ የበዛብኝ መስዬ እሰማለሁ።

እትዬ፣ ና ብለሽኝ አራት ዓመት በር በሩን አይተሽ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትዪኝ እውነትሽን ነው። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ ሄጄ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ያንቺ ከተማ ስም ያለበትን አንብቤ እሳፈራለሁ። አትምጣ የምትዪ ከሆነ ጻፊልኝ። በሁለቱም ወገን ጻፊ፤ አገላብጬ አነባለሁ።

ጉልበትሽ ይጽና፣ ሳልሽን ፈጣሪ ያንሳልሽ፣ ቤትሽ ሰው አይጣ።

ልዘጋው ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። ድመቷ እውነት ናት፤ ስድስተኛ መውጣቴም እውነት ነው፤ አጥንት የሌለው ሥጋ መጠየቄም ክፋቱ እውነት ነው። መምህሩ ግን ምንም የቤት ሥራ አልሰጠንም።

በጀርባሽ ያደገው ታናሽ ወንድምሽ