ከስክሪኑ ግርጌ የጠፋው መስመር

ልጄ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው፤ የሰው አገር ፊት አይንሳህ። እኛ ደህና ነን።

በስልክ እየመራኸው አባትህ የጽሕፈት ሱቁን ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ሲስተም በቀየረ ማግስት፣ ከስክሪኑ ግርጌ ያለው፣ ፕሮግራም የሚከፈትበት መስመር ከነሰዓቱ ጠፋ። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡትን ሰዎች አስቀምጦ ስድስት ጊዜ ደወለልህ። አላነሳህም። ሲቸግረው ጎረቤታችን የሆነውን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራ። እሱም የድሮውን ሴቲንግ ሰርዞ፣ ማሽኑን አጥፍቶ ሲያበራው መስመሩ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሕፃን ሥራ ነው። ቦታውን ለሚችል ለምን አይለቁም?» አለው። ሰዎቹ ሳቁ፤ አባትህም አብሯቸው ሳቀ።

እቤት ገብቶ ሲነግረኝ፣ እኔም «ታዲያ ምን ዋሸ?» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ሱቁን አልከፈተም፤ ሠላሳ ዓመት የጻፈባቸውን ጣቶቹን ሲያይ ይውላል።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ የኔ ልጅ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ስትደውልለት፣ ነገሩ ቀላል እንደነበር አትንገረው።