ዘይነባ ያየችው ኪኒን

ጥር 9፣ ሰኞ

ዛሬም ቀጠሮው ተራዘመ። ዳኛው ስብሰባ ሄዷል አሉ። ከሐይቁ ዳር እስከ ፍ/ቤት በእግሬ፣ መልስ በባጃጅ። ጉልበቴ አልቋል።

አንተ ደብተር፣ ካንተ በቀር የማወራው የለኝም። ልጄ ሰዓዳ ከጅዳ የምትደውለው ጁምዓ ጁምዓ ነው። ፊደሉ ጠማማ ነው ብለህ አትሳቅብኝ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ነው። በሰፈሩ በኔ ዕድሜ የሚያነብ ሌላ ሰው የለም።

ክሱ ያው ነው። ባለ መድኃኒት ቤቱ ሙሄ ለባለቤቴ ለዘይነባ የግፊት ኪኒን ብሎ የስኳር ሰጠ። ስኳር ለሌለባት ሴት። በአራተኛው ቀን ሞተች። ይኸው ዓመት አለፋት።

ሙሄን ፍ/ቤት በር ላይ አየሁት። አቀርቅሮ አለፈ። ከስቷል። ይክሳ።

ጥር 11፣ ረቡዕ፣ ከዙህር በኋላ

ሽማግሌ መጣ። አያ አሊ ከሁለት ሰው ጋር። ሙሄ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣና ይቅርታ ይጠይቅህ፣ እርቅ ይሁን አሉ። ለውጡ መጣ በተባለ ዓመት የከፈታት ሱቅ በጦርነቱ ተራቁታ፣ ካርቶኑ ተበትኖ፣ የተረፈውን ከመሬት ለቅሞ ነው በወረቀት ፖስታ እያደረገ የሰጠው አሉኝ። መብራት የለ፣ ሐኪም የለ። ይህን እኔ አላውቅም? ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ ተዘግቶ በሩን የከፈተው እሱ ብቻ ነበር። አውቃለሁ።

ድንጋይ አልፈልግም አልኩ። ዳኛ ፊት ቆሞ በአፉ ተሳስቻለሁ ይበል። ሌላ የምፈልገው የለም።

አያ አሊ ሳቀብኝ። «አንተ ይመር፣ ከተወለድክ አንድ ቀን ተሳስቻለሁ ብለህ ታውቃለህ? ወላሂ በሬህ ይሻላል፤ እሱ እንኳ ሲደክመው ይተኛል!»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሻይ እንኳ ሳላፈላላቸው ሸኘኋቸው። ዘይነባ ብትኖር ጉድ ትሠራኝ ነበር።

ጥር 13፣ ዓርብ

ሰዓዳ ደወለች። ስለ ክሱ ጠየቀች፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀች። ከዚያ፦ «አባ፣ እናቴ መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

ምንም አልኳት።

ኔትዎርክ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። አልተቆራረጠም።

ጥር 16፣ ሰኞ

ፍ/ቤት በር ላይ ወደሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ሄድኩ። የምናገረውን ቃል እንዲያዘጋጅልኝ። ኪኒኑ መቀየሩን ከቤት ያወቀ ሰው ነበር ወይ አለኝ። የሙሄ ጠበቃ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ አይታችሁ ከዋጠች ጥፋቱ ወደናንተ ይዞራል አለ። ሙሄንም ጠበቃው አፍህን ዝጋ ብሎታል አሉ። ካመነ የሥራ ፈቃዱን ይነጥቁታል።

ማንም አላወቀም፣ ጻፍ አልኩት። ጻፈ። ፈረምኩ። በጣት አይደለም፣ በስሜ። ፊደሉ ከመስመሩ ወጣ። ብርዱ ነው አልኩት። ቀትር ነበር።

ጥር 17፣ ማክሰኞ

እራት አልበላሁም። እሺ፣ ላንተ ልንገርህ።

ዘይነባ አይታው ነበር።

ፖስታውን መዳፏ ላይ ገለበጠችው። «ይመር፣ የኔ እኮ ቢጫ ናት። ይቺ ነጭ ናት። መልሰህ ጠይቀው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ገና ከመንገድ መግባቴ። ፖስታውን ተቀበልኳት። «የግፊት፣ ጠዋትና ማታ» ይላል፣ በሙሄ እጅ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ? ዋጪ! አልኳት።

ሳቀች። «እሺ የኔ መምህር» ብላ ዋጠች።

ሐሙስን ጾመች። እንደ ልማዷ። ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ስሜ ጠፋት። ጾሙ ነው፣ ማታ ስታፈጥሪ ይለቅሻል አልኳት። ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ደሴ ስናደርሳት ሐኪሙ ኪኒኑን አይቶ፣ በጾም ላይ ስኳሯን ጨርሶ አውርዶታል ብሎ ራሱን ያዘ። ማታውን ሞተች። አላህ ይማራት።

ዓመት ሙሉ ሙሄ ይናገር ስል ከርሜ።

ጥር 18፣ ረቡዕ፣ ከፈጅር በኋላ

የዛሬው ቀጠሮ አራት ሰዓት ነው። እንቅልፍ የለም።

ቃሉን ብቻዬን ሞከርኩት። ተሳስቻለሁ። ከአፍ አይወጣም። ለአያ አሊ አትንገርብኝ።

ክሱን አልተውም። ፖስታው ላይ የጻፈው ሙሄ ነው፣ እሱም ይበለው። ግን ያን የፈረምኩበትን ወረቀት ቀድጄ እጥለዋለሁ። ዳኛው ፊት መጀመሪያ የምናገር እኔ ነኝ። ክሱ ከወደቀ ይውደቅ።

ከዳኛው በፊት ግን ሰዓዳ አለች። ዓርብን አልጠብቅም። ሥራ ሳትገባ፣ አሁኑኑ። እናትሽ ኪኒኗ ነጭ ናት ብላኝ ነበር፣ ዋጪ ያልኳት እኔ ነኝ እላታለሁ።

ደወልኩ። እየጠራ ነው።