ጩኸታችን የሚያልፍበት ማሳ

ለክቡር አቶ ሚልኪያስ
በሸዋሮቢት አጠገብ ሊሠራ የታሰበው የኩባንያ ግቢ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። ባለፈው ለስብሰባ በመጡ ጊዜ የቆላችን ሙቀት እንዳስቸገረዎት ሁላችንም አይተናል፤ ሲመለሱ የጣርማ በር ብርድ እንደካሰዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሙዐዊያ እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በስብሰባው ላይ እጄን ባወጣም ተማሪ ስለሆንኩ ዕድል አልደረሰኝም፤ ስለዚህ እዚህ እጽፍልዎታለሁ። የአማርኛ መምህርታችን ራሔል ረቂቁን አይተው ቁጣ ያለበትን ሁሉ እንዳወጣ ስለመከሩኝ አውጥቼዋለሁ። የቀረው ምስጋና ብቻ ነው።

አንደኛ፣ መሬታችን ባዶ መሆኑን ስላስታወቁን እናመሰግናለን። በግድግዳው ላይ ባሳዩን ካርታ ከወንዙ ዳር ያለው ማሳ ሁሉ ነጭ ሆኖ «ባዶ መሬት» የሚል ተጽፎበታል። አባቶቻችን ማሽላ ሲዘሩበት የኖሩት ይህን ሳያውቁ ነው። ግቢው ገና በጥናት ላይ ያለ ሐሳብ ነው ብለውናል፤ እኛም አምነናል። ማሳው ላይ የቆመው አጥር ግን ሐሳብ አይደለም፤ ቆርቆሮ ነው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ ያጠኑት ባለሙያዎች በበጋ ስለመጡ የምነግርዎትን ነገር አልሰሙትም። ማሽላው እሸት ሲይዝ በየማሳው ማማ ይተከላል፤ በማማው ላይ ሰው ወጥቶ ወፍ ይጠብቃል። እንግዳ ያየ እንደሆነ የሚጠበቀው ወፍ ብቻ ይመስለዋል። እኛ ጋ ፀሐይ እያለ፣ በላይ በተራራው ሲዘንብ፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርሰው ወንዝ በአንድ ጊዜ ሞልቶ ይወርዳል። ስለዚህ ውሃውን መጀመሪያ ያየው የላይኛው ማማ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ያለው ሰምቶ ለሚከተለው ያቀብላል፤ እንዲህ ከማሳ ማሳ እየተቀባበልን ጩኸቱ ከውሃው ቀድሞ ልጆች ከሚሻገሩበት መልካ ይደርሳል። ለወፍ የሚጮኸው አጭርና ችኩል ነው፤ ለውሃ የሚጮኸው ረጅም ነው። ይህንን እኛ ጋ ልጅ አፉን ሳይፈታ ይለየዋል።

አጥርዎ የቆመው በዚህ ጩኸት መካከል ነው። በውስጡ የነበሩት ማማዎች ፈርሰው እንጨታቸው በወግ ተደርድሯል። ለንጽሕናው እናመሰግናለን።

በመስከረም መጨረሻ እህቴ ናጅዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መልካው ውስጥ ነበረች። አራተኛ ክፍል ነበረች፤ ጫማዋ እንዳይርስ አውልቃ በእጇ ይዛው ነበር። ከአጥሩ በላይ ማሳ ያላቸው እትዬ ሰሊማ ውሃውን ከማማቸው ላይ አይተው ጮኹ። ከአጥሩ በታች ባለው ማማ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ የትምህርት ፈረቃዬ የጠዋት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ወፍ እጠብቃለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ነፋስም አልነበረም። ምንም አልሰማሁም። ውሃውን በዓይኔ ሳየው እኔም ጮኽኩ። ጩኸቴና ውሃው እኩል ደረሱ።

አላህ ይርሐማት። ይህ ከምስጋናው ውጪ ስለሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥበቃ ሠራተኛዎ ስለ ጋሼ ፀጋዬ አመሰግናለሁ፤ ይኼኛው ከልቤ ነው። ከሌላ አገር የመጡ ሰው ናቸው። ለቅሶ ቤት መጥተው በር አጠገብ ተቀመጡና ቆይተው፣ «ከላይ ማማው ላይ ያሉት እናት ሲጮኹ ሰምቻለሁ፤ ወፍ የሚያባርሩ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላቸው» አሉ። ለቅሶኛው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። አባቴ ግን፣ «ከየት ያውቁታል፣ ወንድሜ፤ ይልቅ ከበሩ ይነሱና እዚህ ይምጡ» ብሎ አጠገቡ አስቀመጣቸው። ኩባንያዎ የመኪና ታርጋ መመዝገብና ለአለቃ ሰላምታ መስጠት በሚገባ አስተምሯቸዋል፤ የቆሙበት ቦታ ምን እንደሆነ የነገራቸው ግን የለም።

እትዬ ሰሊማ ድምፃቸው እስካሁን አልተመለሰም። እናቴን ባገኟት ቁጥር በዚያ በሻከረው ድምፅ «ከዚያ በላይ መጮህ ነበረብኝ እንዴ?» ብለው ይጠይቋታል። ጥያቄው የእርስዎን መሥሪያ ቤት የሚመለከት ስለመሰለኝ ተቀብዬ አቀብዬዎታለሁ።

አራተኛ፣ በስብሰባው ላይ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በስልክ መልእክት እንደሚደርሰን ቃል ገብተውልን ነበር፤ ቃልዎን ጠብቀዋል። መልእክቱ ለቅሶው ሳይበተን በአባቴ ስልክ ገባ። «ውድ ነዋሪ፣ ጎርፍ ሊከሰት ስለሚችል ከወንዝ ይራቁ» ይላል። ውድ ስላሉን እናመሰግናለን። ናጅዋ ስልክ አልነበራትም።

ክቡር ሆይ፣ ግቢው ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለውን ሽማግሌዎቻችን ይነጋገሩበታል፤ እኔ የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው። ከወንዙ ዳር ማማ የሚቆምበትና ማሽላ የሚዘራበት ቀጭን ማሳ ከአጥሩ ውጪ ይተዉልን። እስከዚያው ድረስ ጥበቃዎችዎ ረጅሙን ጩኸት ሲሰሙ ተቀብለው እንዲያቀብሉ ይፈቀድላቸው። እኔ ላስተምራቸው ፈቃደኛ ነኝ፤ ከቀትር ጀምረን አስር ሰዓት ሳይደርስ ያውቁታል። ባደሉን ወረቀት ላይ ግቢው «ፍጹም ጸጥታ የሰፈነበት የሥራ አካባቢ» እንደሚሆን አንብቤያለሁ። ሠራተኞችዎ በመስኮታቸው በኩል አንድ ረጅም ጩኸት ቢሰሙ እንዲታገሡን ይንገሩልኝ። ጸጥታውን እኛ ቀድመን ሞክረነዋል።

በዕድሜ ልጅዎ የምሆን፣ ሁልጊዜ ውሃው ሳይሞላ ከማዶ እንዲደርሱ የምመኝልዎ፣ መልስዎንም ጆሮዬን አቁሜ የምጠብቅ፣

ሙዐዊያ
ከአጥርዎ በታች ካለው ማማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልክ ውሃው እንደገና መጣ። በእትዬ ሰሊማ ማማ ላይ ልጃቸው ኢልሀም ነበረች፤ ጮኸች። ጋሼ ፀጋዬ ሰምተው የቆርቆሮው አጥር ላይ ወጡና አቀበሉ። ጩኸታቸው የለማጅ ስለሆነ አያምርም፤ ግን ሰማሁት፤ ልጆቹም ከመልካው ወጡ። በማግስቱ የግቢውን ጸጥታ ያለ በቂ ምክንያት አውከዋል ተብሎ ከመሥሪያ ቤትዎ በጽሑፍ ተገሥጸዋል። በቂውን ምክንያት ማየት ከፈለጉ፣ ልጆቹ በየጠዋቱ ደብተራቸውን ይዘው በአጥርዎ በር ፊት ያልፋሉ።