ሲስተር ክላራ እንድናገር የፈቀዱት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ባስ ላይ ነኝ፣ ኮልፋክስ ጎዳና። ሺፍት አለቀ። የሲስተር ክላራን የደም ግፊት ለካሁ፣ እግራቸውን አጠብኩ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ መነኩሲትም ነርስም ነበሩ። አሁን ዴንቨር፣ የጡረተኛ መነኮሳት ቤት፣ የምረዳቸው እኔ ነኝ። ማስታወሻዬ፣ ጭንቅ ላይ ነኝ። የምማርበት ሎውሪ ኮሌጅ የታሪክ አስተማሪያችን ለእኔና ለክፍል ጓደኛዬ ለታይለር የሰጠችን ርዕስ፦ በ19ኛው ክ/ዘ የአውሮፓ መንግሥታት ካቶሊክ መነኮሳትን ከሆስፒታልና ከት/ቤት ሲያባርሩ የሳይንስ ድርሻ ምን ነበር? የምናቀርበው የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ። ክላሱን ካላለፍኩ ነርሲንግ አልገባም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5።

አነበብኩ። ደሜ ፈላ። አንዳንድ ሐኪሞች ምንኩስና ራሱ የአእምሮ በሽታ ነው ብለዋል። መነኩሲቶቹ ስለ ጀርም አያውቁም፣ ከሆስፒታል ይውጡም ብለዋል። ፖለቲከኞቹም ይህንኑ ይዘው በር ዘጉ። ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ጥላቻ። መለየት አቃተኝ። ለታይለር ቀሎታል። ዓይኗ የተገለበጠ መነኩሲት ሥዕል ስላይዱ ላይ ለጥፏል፤ ክላሱ ይስቃል ይላል። አውጣው አልኩት። እምቢ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ጠዋት 4 ሰዓት።

ጉድ ሆንኩ! ወረቀቶቼን አልጋቸው ላይ ረስቼ ስመለስ ሲስተር ክላራ መነጽራቸውን አድርገው እያነበቡ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጃቸውን አነሱ።

«ሁሉም ውሸት አይደለም» አሉኝ።

ነገሩኝ። በወጣትነታቸው፣ ገዳም ውስጥ፣ አንዲት ወጣት መነኩሲት ትኩሳት ይይዛታል። አለቃቸው የመንፈስ ፈተና ነው፣ ጸሎት ይበቃታል ትላለች። ሲስተር ክላራ የሳንባ ምች መሆኑን ያውቃሉ። ግን ታዘዙ። ሐኪም የተጠራው በአራተኛው ቀን። ልጅቷ ሞተች።



«ከዚያ ወዲህ ሐኪም ለመጥራት ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም» አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10።

ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ሙግት። ብናገር ለነታይለር መሣሪያ ማቀበል ነው። ብደብቅ ዋሾ ነኝ። ዛሬ እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ልናገር? መነጽራቸውን አወለቁ። ተቆጡ ብዬ ፈራሁ።

«የእኔን ስም አትጥሪ» አሉ። «የእሷን ጥሪ። ማቲልዳ ትባል ነበር። ስሟን ካነሣን ስንት ዘመን ሆነን።»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። 8 ሰዓት።

ክላስ ውስጥ።  ታይለር ሥዕሉን አላወጣም። ተጣላን። ለየብቻ እናቅርብ ብዬ አስተማሪዋን ለመንኩ፤ ፈቀደች፣ ግን ውጤትሽ ይቀንሳል አለች። ይቀንስ። ሐኪሞቹ ስለ ጀርም ልክ ነበሩ እላለሁ። መነኩሲት ሁሉ እብድ ናት ማለታቸው ግን ሳይንስ አልነበረም፤ ጥላቻ ነበር። የገዳሙንም ጥፋት አልሸፍንም። ታይለር ጨረሰ። ክላሱ እየሳቀ ነው። ስሜ ተጠራ። የምጀምረው በማቲልዳ ነው፣ ከዚያ... ልነሣ።